ዓመቱን ሙሉ የጾም ገበታ፦ ቪጋን ለመሆን ለሚጀምሩ

የጾም ምግብ አሠራር የሚያውቅ ሰው ቪጋን ለመሆን ግማሹን መንገድ ሄዷል ይባላል። በማዕድ ቤት በኩል ከግማሽም በላይ ሄዷል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ሁሉ በእጁ ነው። የሌላ አገር ጀማሪ ዋና ጭንቀት «ሥጋና ወተት ከሌለ ምን እበላለሁ?» የሚለው ነው፤ ይህ ጥያቄ በእኛ ቤት ከጥንት ጀምሮ መልስ አለው። መልስ ያላበጀንለት ሌላ ጥያቄ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፣ ገበታው ይለወጣል። ፋሲካ ሳይመጣ ዓመት ቢሞላስ? ሁለትና ሦስት ዓመት ቢሆንስ? ሰውነት ምን ያተርፋል፣ ምንስ ይጎድለዋል? ይህን ሳያውቅ የሚጀምር ብዙ ሰው ስላየሁ ነው የምጽፈው።

አዲስ አበባ የምኖር መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ አርባዎቹን አጋምሷል። ወደዚህ አመጋገብ ያመጣኝ የደም ምርመራ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤል 171 ሆኖ ተገኘ፤ ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፣ 160 ሲደርስ ከፍተኛ ይባላል። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬም ወደ ስኳር በሽታ ድንበር ተጠግቶ ነበር። አባቴን ያሳጣኝ የደም ግፊትና የስኳር መዘዝ ስለሆነ ነገሩን አቅልዬ አላየሁትም። ሐኪሜ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ለሦስት ወር ምግቤን አስተካክዬ እንደገና እንድለካ መከረኝ። እርሱ ያለኝ ሥጋና ቅቤ እንድቀንስ ነበር፤ ጨርሶ ለመተው የወሰንኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ከመቀነስ መተው ይቀላል፤ የጾም ልማድ ያለው ሰው ይህን ይረዳዋል።

ቪጋን የሚባለው ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሳ፣ እንቁላል፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ የማይበላ ሰው ነው፤ አብዛኛው ማርም አይበላም። ከጾማችን ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ ልዩነቱም መታወቅ አለበት። ጾም የሰዓት ገደብ አለው፣ ጸሎትና ስግደት አለው፣ መፍቻም አለው። ምእመናን የሚጾሟቸው የታወቁ ቀናት በዓመት 180 ያህል ናቸው፤ በቀሪዎቹ ቀናት ወተቱ፣ እንቁላሉና ሥጋው የጎደለውን ይሞላሉ። ቪጋን የሆነ ሰው መሙያ ቀን የለውም። ስለዚህ የሚጎድለውን በየዕለቱ አስቦ መተካት አለበት። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው።

ከዘይት ልጀምር፤ ምክንያቱም ለጤና ብሎ የጀመረውን ሰው ከሁሉ በፊት የሚያሳስተው ዘይት ነው። በጾም ወቅት ክብደታቸው የሚጨምር ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ቦምቦሊኖ በሻይ፣ ቀን ዘይቱ ከላይ የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ከሰዓት ሳምቡሳ፣ ማታ ፓስታ ወይም ሩዝ፣ በመሃል የጾም ኬክ። እነዚህ ሁሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ናቸው፤ ለልብና ለደም ሥር ግን አይበጁም። የዘይቱም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የረጋ ስብ ነው፤ ከቅቤ የሸሸነው ለዚሁ ስብ ብለን ከሆነ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ያለው የረጋ ስብ ከመቶ 10 ያህል ብቻ ነው። በበጀት ምክንያት የሚረጋውን ለመግዛት የተገደደ ሰው ቢያንስ መጠኑን ይቀንስ።

ዘይት መቀነስ ወጥን አያበላሽም። የእናቶቻችን ሙያ ራሱ መፍትሔውን ይዟል፤ ሽንኩርት በደረቁ ይቁላላል። እኔ ሽንኩርቱን አድቅቄ እከትፋለሁ፤ በወፍራም ድስት፣ በመለስተኛ እሳት፣ ምንም ዘይት ሳላደርግ አማስለዋለሁ። መጀመሪያ የራሱን ውኃ ያወጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ዳር ዳሩን መያዝ ሲጀምር ጠብ አድርጌ ውኃ እጨምርበታለሁ። ወርቃማ ቀለም ይዞ ሲለሰልስ በርበሬውን ከትንሽ ውኃ ጋር አስገብቼ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ አቁላላዋለሁ። ዘይቱ የሚገባው አሁን ነው፤ ለአንድ ድስት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ቀጥሎ፣ መከለሻው መጨረሻ ላይ። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ጣዕሙ የሚመጣው ከተቁላላው ሽንኩርት ነው፤ እንግዳ ጠርቼ በዚህ ቁሌት የሠራሁትን ምስር ወጥ ሳቀርብ ዘይት አንሶታል ያለኝ የለም።

የገበታውን ድርሻም ለወጥኩ። ድሮ እንጀራው ይበዛል፣ ወጡ ያነሰ ነው። አሁን የሳህኑን ግማሽ አትክልት እንዲይዝ አደርጋለሁ፤ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ። ሩቡ ጥራጥሬ፣ ሩቡ እንጀራ ነው። ለስኳሬ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ ይመስለኛል።

ስለ ፕሮቲን ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። ጤነኛ ጎልማሳ የሚያስፈልገው ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ያህል ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 48 ግራም ማለት ነው። አንድ ትልቅ ኩባያ (ሩብ ሊትር ያህል የሚይዝ) የበሰለ ምስር ብቻውን ወደ 18 ግራም ይሰጣል። በጥራጥሬ የሚያንሰው የፕሮቲን ክፍል በጤፍና በገብስ አለ፣ በእህል የሚያንሰው ደግሞ በጥራጥሬ አለ፤ ሽሮ በእንጀራ የበላ ሰው ሁለቱንም አግኝቷል። በቀን ሁለት ጊዜ ጥራጥሬ ከበሉ፣ በመሃል ቆሎ፣ ለውዝ ወይም ንፍሮ ከጨመሩ ጉዳዩ ያበቃል። ጭንቀታችንን ለቫይታሚን ቢ12 እንቆጥበው።

ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እኛ የምናገኘው በእንስሳት ምግብ በኩል ነው። በእህል፣ በጥራጥሬም ሆነ በአትክልት ውስጥ የሚታመን ቢ12 የለም። እንጀራው ስለቦካ፣ ስልጆው ስለኮመጠጠ ይኖረዋል የሚሉ አሉ፤ በዚህ ላይ መተማመን አይቻልም። ለአዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከዓይን የማይገባ መጠን ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ማከማቸት ስለሚችል ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው «ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» እያለ ክምችቱ ያልቃል። ሌላም መሸፋፈኛ አለ። ጥራጥሬና ጎመን የሚበላ ሰው ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን በብዛት ያገኛል፤ ፎሌት ደግሞ በቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ሊሸፍን ይችላል። ደሙ ደህና መስሎ ነርቩ ይጎዳል።

ይህን በቅርብ ያየሁት በአክስቴ ነው። አጽዋማቱን ሁሉ ያለማጓደል የምትጾም፣ በፍስክም ሥጋ የማትወድ ሴት ናት። የስኳር መድኃኒቷን ሜትፎርሚንን ለዓመታት ስትወስድ ኖራለች፤ የጨጓራዋንም ኦሜፕራዞል አታጓድልም። እግሯ መደንዘዝ ጀመረ። ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ አይታወቃትም፤ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ግድግዳ እየያዘች ነበር። «ስኳሩ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብላ ተቀምጣለች። አንድ ወጣት ሐኪም ስለምትበላውና ስለምትውጠው መድኃኒት አንድ በአንድ ጠይቋት ቢ12 እንድትለካ አዘዘ፤ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሜትፎርሚንም ሆነ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ቢ12 ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያውካሉ፤ በእርሷ ላይ ሦስት ምክንያት ተደራርቦባት ነበር። መርፌው ተሰጣት፣ መራመዷ ተስተካከለ፣ የጣቶቿ መደንዘዝ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም። ሕክምናው የዘገየበት ነርቭ ሁልጊዜ አይመለስም።

እኔ እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቢ12 እንክብል እወስዳለሁ። የሚመከረው በየቀኑ ቢያንስ 10 ማይክሮ ግራም፣ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ 2,000 ማይክሮ ግራም ነው። በሳምንት የሚወሰደው የበዛው ሰውነት በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ነው። እሑድ ከቁርስ በኋላ እውጠዋለሁ፤ ቀኑ ከታወቀ አይረሳም። ይህን እንክብል ለመውሰድ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ቪጋን ባይሆን እመርጣለሁ፤ በግልጽ የምናገረው ከልቤ ስለማምንበት ነው።

ቀጥሎ ብረት ነው፤ በተለይ ለእኛ ለሴቶች። በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው ብረት ከሥጋው ይልቅ ወደ ደም ለመግባት ይቸገራል። ጤፍ በብረት ይመሰገናል፤ ከሚለካው ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል ስለሆነ በጤፍ ብቻ ተማምኖ መተኛት አይገባም። ደስ የሚለው ነገር ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚረዳው ዘዴ በባህላችን ሞልቷል። የእህልንና የጥራጥሬን ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ሊጡ በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲቦካ ይህ ማሰሪያ ይላላል። ባቄላው ወይም ሽምብራው ተዘፍዝፎ ሲበቅልም እንዲሁ፤ ስለዚህ በቆልት የሚሠራ ቤት ሁለት ጊዜ የተባረከ ነው። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካንና ዘይቱን የሚባለው ፍሬ (ጓቫ) በቫይታሚን ሲ አማካይነት ብረቱን ያስገባሉ። አዚፋ ላይ ሎሚ የሚጨመቀው ለጣዕም ነው፤ ጥቅሙ ግን ከጣዕም ያልፋል።

ያስቸገረኝ ቡናው ነው። ከምሳ እንደተነሳን የሚቀርበው ቡናና ሻይ ያንን ብረት መልሶ ያግደዋል። ቡና ተዪ የሚለኝ ቢመጣ አልሰማውም፤ ሰዓቱን ግን ለወጥኩት። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቼ እጠጣለሁ። ቤተሰቡም ለምዶታል፤ ምሳ ይበላል፣ ዕቃ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው ቡናው የሚቆላው።

በካልሲየም በኩል ጎመንና ቆስጣን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አበሳሰላቸውም ተመሳሳይ ነው። ቆስጣ ከስፒናች ጋር ዘመዳሞች ሲሆኑ ኦክሳሌት የተባለ ነገር በብዛት አላቸው፤ ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ አይለቅም። ከስፒናች ካልሲየም ሰውነት የሚወስደው ከመቶ 5 ያህሉን ብቻ ነው፤ ኦክሳሌት ከሚያንሳቸው የጎመን ዘሮች ግን ከመቶ 40ና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ከወተት ከሚወሰደው ድርሻም ይበልጣል። ቆስጣን መተው አያስፈልግም፣ ለካልሲየም የሚቆጠረው ግን ጎመኑ ነው። ሰሊጥና ጤፍም ይረዳሉ። ለአዋቂ በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ስለሚመከር ሁለት ጭልፋ ጎመን ብቻውን አይሞላውም፤ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት የሚያገኝ ሰው ቢጨምር መልካም ነው።

ተልባ ኦሜጋ 3 ለተባለው ጠቃሚ ስብ ነው፤ ተቆልቶ ካልተፈጨ ግን ፍሬው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን፣ ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ሰውነቴ ላይ ስላየሁት ለውጥ ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዴ ይነፋ ነበር። ጥራጥሬው በአንድ ጊዜ ሲበዛ አንጀት እስኪለምድ እንዲህ ያደርጋል። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ክክ አልጫ ላይ ዝንጅብል ማብዛት፣ ውኃ በደንብ መጠጣትና መጠኑን ቀስ በቀስ ማሳደግ ረድቶኛል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያስቸገረኝ ድርቀት ጠፋ። በሦስተኛው ወር ኤልዲኤል ወደ 128 ወረደ፣ ስኳሬም ከድንበሩ ራቀ። ክብደቴ ግን እንደጠበቅሁት ቶሎ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ምሽት ላይ በእግር መሄድ ከጀመርኩ በኋላ ነው። የጉልበቴ ሕመም እንደነበረ ነው። ይህን የምለው ቪጋን መሆን ሁሉን በሽታ ይፈውሳል የሚሉ ሰዎች ስለበዙ ነው። እንዲህ እየተባለ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥናቶቹም ሁለቱንም ወገን ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማና ሞርታዴላ ያለውን የተቀናበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች መድቦታል፤ ቀይ ሥጋንም አምጪ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። በእንግሊዝ 48 ሺሕ ያህል ሰዎችን ለ18 ዓመታት የተከታተለው የኦክስፎርድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም፣ ሥጋና ዓሳ የማይበሉት በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንጎል የደም ሥር በሽታ ግን በ20 በመቶ የበለጠ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዚሁ ክትትል ቪጋኖች ላይ የአጥንት ስብራት በ43 በመቶ በልጦ ታይቷል። ስለ ካልሲየም አጥብቄ የተናገርኩት ለዚህ ነው። በእግር መሄድና የፀሐይ ብርሃን ማግኘትም ለአጥንት ያው አስፈላጊ ናቸው።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። በጾም ወቅት ማንም አይጠይቅም፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ በያይነት ይሠራል። በዓለ ሃምሳ ሲገባ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ ብዙ ምግብ ቤቶች የጾም ድስታቸውን ያነሳሉ። ሽሮ ስታዝዙ «ቅቤ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ይኖረዋል። ጨጨብሳና ገንፎም እንዲሁ። ዳቦና ብስኩት ውስጥ ወተት ወይም እንቁላል ሊኖር ይችላል። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ምሳዬን ከቤት እይዛለሁ።

ያን ሰሞን ሌላም ጥያቄ ይመጣል፤ «በሃምሳው መጾም ክልክል አይደለም ወይ?» ይባላል። ጉዳዩ ያሳሰበኝ ስለነበረ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ጠዋት ቁርሴን በልቼ፣ በፈለግሁት ሰዓት ተመግቤ፣ ለጤናዬ ብዬ ሥጋ ብተው ጾም እንደማይባል አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ጾም አይደለም፣ አመጋገቤ ነው» እላለሁ።

እናቴ ግን በዚህ አልተጽናናችም። የመጀመሪያው ገና ላይ የዶሮውን ወጥ ለሁሉ አውጥታ ወደ እኔ ስትደርስ ጭልፋውን ይዛ ቆመች። «እንግዲህ ላንቺ ምን ላውጣ የኔ ልጅ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅሮ ነበር። በእኛ ቤት የዶሮ ብልት መቀበል ልጅነት ነው፤ የእኔን ድርሻ ማንም አልበላውም። በተከታዩ ፋሲካ ቀደም ብዬ ሄድኩና በዚያው በዶሮው ቁሌት፣ ቅቤው ሳይገባ ቀንሰን፣ ሽምብራ ዓሳ አብረን ሠራን። ዱቄቱን አቡክታ ቅርጹን ያወጣችው ራሷ ናት። ያወጣችልኝም እርሷ፣ ያጎረሰችኝም እርሷ። አሁን በዓል ሲደርስ «የሽምብራ ዱቄት አስፈጭቻለሁ» ብላ ትደውልልኛለች። ለጀማሪዎች የምመክረው ይህንኑ ነው፤ በሰው ቤት ገበታ ላይ ስለ ሥጋ ጉዳት አትናገሩ፣ የምትበሉትን አብራችሁ ሥሩ።

ባለቤቴና ልጆቼ እንቁላልና ወተት ይበላሉ፤ ሥጋም አልፎ አልፎ። ልጆቼን ወደዚህ አላስገባኋቸውም። በማደግ ላይ ያለ ሕፃን ሆዱ ትንሽ፣ ፍላጎቱ ብዙ ነው፤ በአገራችን እናቶች ሲጾሙ ለሕፃናቱም ወተትና እንቁላል ሳይዘጋጅ መቅረቱ በብዙ ቤት የሚታይ ችግር ነው። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት በዚህ አመጋገብ መቀጠል የምትችለው ቢ12፣ ብረትና አዮዲኗን ሐኪም እየተከታተለላት ነው።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪማቸው መናገር አለባቸው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚወስድ ሰው ምግቡን በድንገት ሲለውጥ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ስለሚችል የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ይኖርበታል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመንና ቆስጣ በአንድ ጊዜ ቢያበዛ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ጥራጥሬና አትክልት በሚሰጡት ፖታሲየም ሊጎዳ ይችላል። ለሌላው ጀማሪ ከመጀመሩ በፊትና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚያስፈልጉት ምርመራዎች ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ)፣ ቢ12፣ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳርና ኮሌስትሮል ናቸው። ቢ12 በሁሉም ላቦራቶሪ ስለማይሠራ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።